ለምልክቱ ቦታ

ሰንበት ወጥቶ ሦስት ኮከብ ሲታይ
ከቂርያት ሞሼ ጣሪያዎች በላይ፣
ደብተሬን ከመሳቢያው አውጥቼ
የሳምንቱን ወጪ እጽፋለሁ ተቀምጬ፣
በእርሳስ። እስክርቢቶ አላምንም።

ቲማቲም፣ ዐሥራ ሁለት። ጤፍ፣ ስድሳ።
ለዝማም ተዝካር መዋጮ፣ መቶ ሃምሳ።
ጫማው አፉን ለከፈተ ለታች ቤት ልጅ፣
ሰማንያ፤ እናቱ እንዳታፍር በእህቴ እጅ።
ዋጋውን እጽፋለሁ፣ ቀጥሎም ምክንያቱን፤
ቁጥር ያሳዝነኛል ሲቆም ራቁቱን።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤
አስተማሪዬም ሌላ አይደለም፣ ባዬ ነው።
ቀን ብርቱካን ያሽጋል፣ ማታ ያስጽፈኛል፣
ቅዳሜ ሲመሽ ደብተሩን ይቀበለኛል፤
ከየመሥመሩ ጎን እንደ ወፍ እግር ያለች
ምልክት ያኖራል፣ “አይቻለሁ” የምትል።
“በኦሪቱ” ይለኝ ነበር “ሰቅል ሚዛን ነው፤
ገንዘብ የሆነው ኋላ ነው።
ዝም ብለሽ አትቁጠሪው፣ መዝኚው።”
ባዬ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው።
ከመሥመሬ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ልጄ ሊአት ባንክ ነው የምትሠራ።
“እማ” አለችኝ ትናንት፣ ደብተሬን በጣቷ አንሥታ፣
“በዚህ ዘመን እርሳስ?”
ጣቷ ሮጠ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ፤
ስልኬ ላይ በቀለ አንድ መተግበሪያ።
ክብ ነገር አሳየችኝ፣ የተቆረሰ ዳቦ የመሰለ፤
አረንጓዴው ምግብ፣ ሰማያዊው የቤት ኪራይና አርኖና፣
ቢጫው መንገድ።
ከሁሉ የሚተልቀው ግራጫው ቁራሽ
“ሌላ” ይላል።

“ሌላ ማለት?”
“ምን እንደሆነ ያላወቀው ሁሉ።”
ጠጋ ብዬ አየሁት። ዝማም እዚያ ናት።
የልጁ ጫማ እዚያ ነው።
ለስግድ ጉዞ ያዋጣነው፣
ለአራስ የወሰድኩት፣
ከግድግዳው ማሽን አውጥቼ ለሰው የሰጠሁት፣
አንድ ላይ ታጉሮ፣ ግራጫ።
“ዝማም ለኔ ሌላ ናት?” ብዬ
አፌን ልከፍት ስል፣ ለክርክር ተዘጋጅቼ፣
ሊአት ቢጫውን ነካችው።

ታክሲ፣ አርባ አራት። ታክሲ፣ አርባ አራት።
በአንድ ወር ዘጠኝ ጊዜ፣
ሁሉም ጎህ ሳይቀድ፣ ሁሉም ወደ ሆስፒታሉ፣
ወለል ወደምጠርግበት።
“በአውቶቡስ ነው የምሄደው አላልሽም?”
ዝም አልኩ። ደብተሩም ዝም አለ።
እዚያ የተጻፈው “አውቶቡስ፣ ስምንት” ነው፤
ዘጠኝ ቦታ፣ በጥሩ ጽሕፈት።

ባዬ እንዳያይብኝ ነበር።
የሞተ ሰው ደብተር ያያል? የኔ ያያል።
ለአራት ፌርማታ አርባ አራት ሰቅል?
እሱ በዕድሜው ታክሲ የገባው አንድ ቀን ነው፤
ያውም እኔ ጠርቼለት፣ ያውም ላይመለስ።

ሊአት ስልኩን አስቀምጣ ጉልበቴን አየች።
“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለች።
ያ ማሽን፣ የሐዘንተኛን ስም የማያውቀው፣
የጉልበቴን ነገር ከልጄ ቀድሞ አወቀው።

ተቆጥታኝ፣ ቀጠሮ አስይዛልኝ፣ ግንባሬን ስማኝ ሄደች።
ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፣ እየበራ።
“ሌላ”ን እንዴት ስም እንደሚያወጡለት
አሳይታኝ ነበር፤ ረሳሁት።
ሐሙስ ስትመጣ እጠይቃታለሁ።

ላጲሱን ፈለግሁ። የባዬ ነው፣ ጥጉ አልቋል።
“አውቶቡስ”ን አጠፋሁ፣ አንድ በአንድ፤
ሰባተኛው ላይ ወረቀቱ ሳስቶ ተቀደደ።
በቀዳዳው ዙሪያ እየዞርኩ ጻፍኩ፦
ታክሲ፣ አርባ አራት።
ምክንያት፣ ጉልበት።

ከጎኑ ለወፍ እግር ቦታ ተውኩ።