ሦስተኛው ረድፍ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ቅዳሜ አመሻሹ፣
ጢም ብሎ ሞልቷል ማዘጋጃ አዳራሹ።
ጀነሬተሩ ውጭ እየተንደቀደቀ፣
መጋረጃው መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ።
አንሙት ካጠገቤ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነን፣
ሽንብራ ቆሎ ገዝቶ፣ እፍኝ እፍኝ ይዘን።

መድረኩ ላይ ጌታው፣ ካባውን ደርቦ፣
ልየው፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ በተውሶ ጺም ተውቦ።
በጅሮንዱ ደግሞ መምህር ይባቤ፣
ሒሳብ ያስተማረኝ፣ ዳቦውን ቆርሶልኝ ስመጣ ተርቤ።
ዛሬ ግን እንዴት ነው ድምፁ የለሰለሰው፣
«እኔ ምን አውቃለሁ? ወንድምዎ ደግ ሰው…»
ይላል፣ ዝም ይላል፣ ወደ መሬት ያያል፣
ያልጨረሰው ነገር ከጨረሰው ይልቅ ጆሮ ላይ ይቆያል።
ከኩታው እጥፋት ውስጥ ባዶ አፎት አወጣ፣
«ጋጣው ደጃፍ ወድቆ… ጩቤው ወዴት ወጣ?»
እኛ ግን አይተናል፣ በፊተኛው ትዕይንት፣
ራሱ ሲሰርቀው፣ ከታናሽየው ወገብ፣ ሰው በተኛበት።

እናኑ፣ የጌሾ ነጋዴዋ፣ ብድግ አለች፣
«ኧረ አንተ ሰውዬ! አትመነው!» ብላ ጮኸች።
ሰው ሳቀ። ልየው አልሰማትም።
መስማት አልተጻፈለትም።

ዋሸራ የከረሙት አለቃ፣ ዞረው ከፊታችን፣
«እሱ ሰሙን ዋጠ፣ ወርቁ ግን ለሁላችን»
አሉና እኔን አዩኝ።
ለምን እኔን አዩኝ?

አንሙት ጭኑን መታ፣ «ምን ዓይነት ጅል ነው!
ባንድ ባዶ አፎት ወንድሙን የሚጠላው?»
ዐይኑ ዕንባ አቅርሯል፤ የእውነት አዝኗል ለጌታው።
እኔም «ጅል» አልኩኝ።

ጂጋ ላይ ማሳ አለን፣ ከስንሻው ከወንድሜ ጋር፣
ካባታችን የወረስነው፣ አንድ ድንጋይ ነው ድንበር።
ድንጋዩ ባንድ ሌሊት ሁለት ክንድ ሄደ፣
አንሙት ነው ያየ፣ ጎህ ሳይቀድ ማሳ የወረደ።
ጭቃው ላይ አሳየኝ የኮንጎ ጫማ ዱካ፣
«እኔ ምን አውቃለሁ…» አለና፣ ጭቃውን በዱላው ነካ።
«ስንሻው እኮ ደግ ሰው ነው…» ብሎ ዝም አለ።
ያ ዝም ያለው ነገር ቤቴ ውስጥ በቀለ።
ሦስት ክረምት ሙሉ፣ ተስካር ላይ እንኳ ባንድ ዳስ ተቀምጠን፣
ሰላም አልተባባልን፣ ጀርባ ተሰጣጥተን።

ጌታው ጎራዴውን ሲመዝ፣ ዝም አለ አዳራሹ፣
ጀነሬተሩ እንኳን ያጠረ መሰለኝ ትንፋሹ።
ወንድምየው ሲወድቅ፣ ከኋላችን አንድ ሰው ሳለ፣
ደረቅ ሳል። ሌላም ሰው ተከተለ።
ዘወር ስል የጂጋ ሰዎች ናቸው፣ ስድስት ሰባት፣
መድረኩን አያዩም። የሚያዩት ወዲህ ነው፣ እኔና አንሙት ያለንበት።

መብራት በራ፣ ተጨበጨበ፣ ይባቤ እጅ ነሳ፣
እናኑ ግን ፊቷን አዞረችበት፣ ቂሟን ሳትረሳ።
አንሙት እግሩን ዘርግቶ ተንጠራራ፣
«ግሩም ነው» አለኝ፣ የቀረ ቆሎውን እፍኜ ላይ እያራገፈ በተራ።
አንዷ ፍሬ ወደቀች። ቁልቁል ስከተላት፣ ጫማው።
ኮንጎ ነው።
የአለቃም ኮንጎ ነው። የእናኑም። የኔም።
በዚህ ዱካ ሰው አይያዝም።
ሦስት ክረምት ይህን እንዴት አላየሁም?

«ምነው ዝም አልክ?» አለኝ።
አፌ የሞላው ቆሎ፣
መዋጡም መትፋቱም አቃተኝ።