ጉጠት በግራ እጅ

ክርያት ጋት ተኝቷል፤ የመጨረሻው ባቡር ሄዷል፤
በአራተኛው ፎቅ ላይ የእኔ መስኮት ብቻ በርቷል።
ሰሌዳዬ መስታወት፣ ብዕሬ ቀለም የሌለው፣
ግን ስነካው አውሬ ይወልዳል፣ ስምና ጥርስ ያለው።

ኖጋ ከቴል አቪቭ መጽሐፍ አዘዘችኝ፤
«የዓለም ተረት አውሬ ሁሉ ይሳል» አለችኝ፤
ሠላሳ ሥዕል፣ ለልጆች፣ እስከ ፋሲካ ድረስ።
ገንዘቡ ለቤት ኪራይ ይደርሳል፣ ለመብራት ባይደርስ።

ከጃፓን ወንዝ ካፓን ሳልኩ፤ ጭንቅላቱ ጎድጓዳ፣
ውኃ የሞላበት እንደ አንድ ትንሽ ገንዳ፤
እጅ ንሡት፣ አጸፋውን ይሰጣል፤ ጨዋነት ነው ጉዱ፤
ጎንበስ ሲል ውኃው ይፈስሳል፣ ያን ጊዜ ይከዳዋል ክንዱ።

ከሩሲያ ምድጃ ኋላ የሚኖረውን ጢማሙን
ጎረቤቴ ሉድሚላ ነገረችኝ፣ ወተት መውደዱን፤
«ቤት ስትቀይሪ ጥሪው» አለች፤
«እኛስ ረሳነው» አለችና ዘጋች በሯን።

ዚዝን ሳልኩ፣ ያንን ወፍ፣ ክንፉ ፀሐይ የሚጋርድ፣
መሐል ባሕር ቆሞ ውኃው ከቁርጭምጭሚቱ የማያልፍ ጉድ፤
ገጹ አልበቃ ብሎኝ ጅራቱን ቆረጥኩት፤
ዚዝ ሆይ ይቅር በለኝ፣ ለጠርዙ መቀስ ሰጠሁት።

ሃያ ዘጠኙ አለቀ። የሠላሳኛውን ትእዛዝ አነበብኩ፦
«ኢትዮጵያ፦ ቡዳ። ቀን ቀጥቃጭ፣ ሌሊት ጅብ።»
ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ኖጋ አታውቅም። ከየት ታውቅ?
የአያቴ ስም የለበትም፤ ባየህ፣ የደምቢያው ብረት ሠሪ፣
ለአገሩ ሁሉ ማረሻ፣ ለራሱ ርስት የለሽ አዳሪ።
ቀን በደጁ ይሰለፋሉ፣ «ማረሻዬ ተሰበረብኝ፤»
ማታ በራቸውን ጠርቅመው፣ «ልጄን በዓይኑ በላብኝ።»
አባቴ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከጓሯቸው ዱካ ፈልገው
«የጅብ ነው» አሉ።
ጅብ በሞላበት አገር የምን ሊሆን ነው?

ሳልኩት ግን። ውል ውል ነው። በታችኛው ንብርብር ሰውየውን፣
መዶሻውን፣ ፍሙን፣ ላብ ያወዛውን ግንባሩን፤
በላይኛው ጅቡን፦ የጎበጠ ጀርባ፣ የሚስቅ መንጋጋ፤
ፈራሁት እኔው ራሴ፣ ሰማዩ ሲነጋጋ።

በየንብርብሩ ጎን ትንሽ የዓይን ምልክት አለች፤
ሲነኳት ትከደናለች፣ የተሳለውን ትሰውራለች።
ነካኋት።
ጅቡ ጠፋ። አያቴ ብቻ ቀረ፣ በፍሙ ፊት እንደተከዘ።
እንደገና ነካኋት፤ ጅቡ መጥቶ ፊቱን ያዘ።
ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ይሄን ያህል ነበር ነገሩ፤
የአንዲት ዓይን ክዳን ነበር ከሰው እስከ አውሬ ድንበሩ።

አባቴ ለጸሎት ተነሥቶ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል፤
አሁን ጡረታ ላይ ነው፣ ሠላሳ ዓመት የብረት በር በይዷል።
ይቆጣል ብዬ ደነገጥኩ። ጅቡን እንኳ አላየው።
«ልጄ» አለ፣ «ጉጠቱን በቀኝ ነው እንዴ ያስያዝሽው?
በግራ ነው። ቀኙ ለመዶሻ ነው። ወናፉም ተገልብጧል።
በዚህ አያያዝ እንኳን ማረሻ፣ መርፌስ ይወጣል?»

አስተካከልኩ፤ ጉጠት በግራ፣ ወናፍ ወደ ፍሙ ዞረ።
ደጃፍ ላይ ገበሬ ጨመርኩ፣ ማረሻው የተሰበረ።
ጅቡንም አልጣልኩትም፤ አሳነስኩት፣ አሳነስኩት፣
ከጤፍ ቅንጣት አሳንሼ
በገበሬው ዓይን ብሌን ውስጥ አስገባሁት።

ኖጋ ከሰዓት ደወለች፦ «ያምራል፣ እሳቱ ያምራል፤
ግን ቡዳው የታለ? አውሬው ለልጆቹ መታየት ይኖርበታል።»
«አጉልተሽ እዪ» አልኳት። «የቆመውን ሰውዬ፣ ዓይኑን።»
ዝም አለች። በስልኩ ውስጥ ጠቅታ ሰማሁ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ትንፋሿን።

«ወደደችው?» አለ አባቴ፣ ጫማውን እያሰረ።
«አላወቅኩም። ዝም ብላለች።»
«ዝም ትበል። ጉጠቱስ?»
«በግራ» አልኩት።
ደረጃውን ሲወርድ ቀኝ እጁ አየሩን ይቀጠቅጥ ነበረ።