የፎቶው ባለቤት

አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት አልጋ፣ ከላይ ከታች ተደራርቦ፣
የአንዱ ሸሚዝ ከአንዱ ፎጣ፣ በአንድ ሽቦ ተሰብስቦ፤
ሻርጃ ነው፣ ሮላ ጀርባ፣ ከፓኪስታኖች ዳቦ ቤት በላይ፣
ሌሊቱን ሙሉ የምድጃው ሙቀት ይወጣል ወደ እኛ አልጋ ላይ።

ሥራዬ ሽቶ መርጨት ነው፣ ከገበያው ማዕከል ደጃፍ።
አለቃዬ ሲቀጥረኝ፣ ጥያቄ የሚባል አልነበረም፤
«ወደ ብርሃኑ ዞር በል» አለኝ፤ ዞርኩ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ሴት ሲቀጥሩ፣ አል መጃዝ ከውሃው ዳር፣
ማንም ና አይለኝም፤ እቀራለሁ ከካውያው ጋር።
አወል ሊያገባ ሲነሳ፣ ሚዜዎቹን ሲቆጥር፣
«ፎቶው ላይ ሙሽራው ማነው ይላሉ» አለኝ፣ ሊያስቀኝ ሲሞክር።
ሳቅኩለት። የራበው ሰው፣ ቢያንስ ይታዘንለታል፤
መልክ በዛብኝ ላለ ግን፣ ማን ዳቦ ይቆርስለታል?

ሴቶቹስ? አንዷ ሌሊት ተነስታ ስልኬን ስትፈትሽ ታድራለች፣
ምንም ስታጣ ደግሞ፣ «አጥፍተኸው ነው» ትላለች።
ሌላዋ በጓደኞቿ ፊት፣ እንደ አዲስ ቦርሳ ይዛኝ ዋለች፤
ስለ አባቴ ሞት ስነግራት፣
«እንዳትነቃነቅ፣ ብርሃኑ!» አለች።

ከዲር ሞተረኛ ነው፣ ምግብ ያደርሳል በየፎቁ፣
ፀሐይ የላጠው አፍንጫ፣ ጥርሶቹ የተራራቁ።
ድምፁ ግን! ሌሊት በስልክ፣ ዝቅ አድርጎ ሲያወራ፣
ሰባታችን የተኛን መስለን፣ የምናዳምጠው በጋራ።
አል አይን ያለች ልጅ ናት፣ ሉባባ፣ የቤት ሠራተኛ፣
ማዳሟ እስክትተኛ ድረስ፣ እሷም የማትተኛ።

አንድ ቀን ስልኩን ረስቶ ወጣ፤ ሲጠራ በራ መስታወቱ፤
ስሙ የከዲር ነው፤ ከስሙ በላይ፣ የእኔ ፊት ነበር ፊቱ።

አልተናገርኩም። ለምን? እንጃ።
ምናልባት ፊቴ ለአንድ ሰው እንኳ ይጥቀም ብዬ፤
ምናልባትም፣ ልዋሽ አልፈልግም፣
መፈቀሬን ወድጄ፣
በሰው አፍም ቢሆን።

የዒድ ማግስት ፈቃድ አገኘች፤ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ መጣች።
ከዲር ጉልበቴን ይዞ ለመነኝ፤ «ለዛሬ ብቻ፣ ሰላም በላት፣
ቀስ ብዬ እነግራታለሁ፤ አሁን ካየችኝ ግን፣ ማጣት ነው፣ ማጣት!»

ሄድኩ። የተተኮሰ ሸሚዝ፤ ከሱቅ የሰረቅኳት የዑድ ጠብታ።
ጥላ ይዛ ቆማለች። አይታኝ ፈገግ አለች፣ ያን የማውቀውን ፈገግታ።
«እንደምን ዋልሽ» አልኳት።
ሁለት ቃል።
ፈገግታዋ እንደ ሱቅ መዝጊያ፣ እየተንገጫገጨ ወረደ።
ዓይኗን ጨፈነች። «ድገመው።»
ደገምኩት፤ ጉሮሮዬ ደረቀ።
«የኔው ሰውዬስ?» አለችኝ፣
አውሮፕላን ጣቢያ ሻንጣ እንደጠፋበት መንገደኛ።

ከዲር ከቴምሩ ዛፍ ሥር ነበር፤ ሄልሜቱን ሳያወልቅ፣ «ሉባ» አላት።
ዞረች። ሄደች።
መታችው በጥላዋ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከሄልሜቱ ላይ፣
አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ፣ «በል አውልቀው፣ ልይ!»

እኔ እዚያው ቆምኩ።
አንዲት ፊሊፒናዊት በስልኳ ሰርቃ ፎቶ አነሳችኝ።

ማታ ከዲር ሩዝ አመጣልኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም።
ፎቶዬን አንስቶታል፤ በቦታው ሄልሜት አለ።
ሌሊት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣
«እንደምን ዋልሽ» አልኩ፣ በቀስታ፣ ለማንም፤
ደገምኩት፣ ትንሽ ወፈር አድርጌ።
ከላይኛው አልጋ ሸምሱ ተገላበጠ፤
«ማነው እሱ?» አለ።
ሦስት ዓመት ከሥሩ ተኝቻለሁ።