በሰም የታሸገች

ጎህ ሳይቀድ ወረድን፣ ደጀንን ከኋላ፣
ሁለት ኮዳ ውሃ፣ እፍኝ ቆሎ፣ ዱላ፤
እኔ ስልክ ይዣለሁ፣ አንሙት ጥርጣሬ።
ጎማ ጠጋኝ ነው እሱ፣ ደጁ የዓባይ መንገድ፣
ፍሬኑ የሸተተ ሾፌር የሚቆምበት የግድ።
«ማን ደበቀውና፣ ምን አለው?» ይለኛል፤
«ቆርቆሮ ነው» አልሁት።
«ቆርቆሮማ እኔም ቤት፣ ጣራው ላይ ሞልቶኛል።»

ስልኩ ቀስት አውጥቶ «ስድስት መቶ ሜትር» አለ።
ስልክ ምን ያውቃል!
እሱ የሚለካው በአሞራ መንገድ ነው፣ ሰማይ አቋርጦ፤
ገደሉን አይቆጥርም፣ አፉን እንደከፈተ ከመሐል ተቀምጦ፤
ጥቁሩን ቋጥኝ አያይ፣ እንደ ደብተራ
ለማኅሌት የቆመ፣ ቀኝና ግራ።
ስድስት መቶ ሜትሩ አምስት ሰዓት ፈጀ።

ረፋዱ ላይ ነፋስ መጣ ብለን ፊታችንን ሰጠነው፤
ነፋስ አልነበረም፣ ድንጋይ ሲተነፍስ ነው።
አባሎው ቅጠሉን ጥሏል፣ ጥላውንም አብሮ፣
ዝንጀሮ ታዘበን፣ ከአፋፍ ተደርድሮ፤
የፊተኛው ኮዳ ተንኳኳ ባዶውን።
አንሙት ዝም አለ።
የአንሙት ዝም ማለት ከፀሐይ ባሰብን።

ከሩቅ ጉብታ ነበረች፤ ስንይዛት ተራራ።
ጠጠሩ እንደ እህል ከእግር ሥር ይፈሳል፣
አንድ ርምጃ ሲወጡ ግማሹ ይመለሳል።
በእጄም፣ በጉልበቴም፣ በደረቴም ሳብሁ፣
ለእህቴ ሠርግ ብዬ የገባሁትን ዕዳ፣ እሱን እንኳን ረሳሁ።

«ደርሰሃል» አለ ስልኩ።
የት? ድንጋይ፣ ደግሞ ድንጋይ።
ቀስቱ እንደ ሰካራም ዞረ፣ ከገደሉ አፍ ላይ።
አንሙት በሆዱ ተኛ፣
ክንዱን እስከ ብብቱ ከስንጥቁ ሰደደ።
«እባብ ቢኖርሳ?» አልሁት።
«በዚህ ፀሐይ እኔን መንከስ ይታክተዋል።»

የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ ቀለሟ የለቀቀ፣
ክዳኗ ዙሪያውን በሰም የተጣበቀ።
አንሙት በጥፍሩ ዳሰሳት፣ ሐኪም ቁስል እንደሚያይ፦
«የበረሃ ንብ ሰም ነው።
ይሄን የጠገነ ሰው፣ ሥራ ያውቃል» አለ።

ሰሙን ፈቀፈቅነው።
ወርቁን እንጃ።
የሸሚዝ ቁልፍ፣ ያለፈበት ሎተሪ፣
መርፌ ከነክሩ፣
ጥጉን ምስጥ የበላው ደብተር፦
«ጥሩዓለም፣ ከሞጣ። እግሬ ተልጧል፤ ደስ ብሎኛል።»
«ብናልፈው፣ ከቢቸና። ውሃ አልቋል።»
ከየስሙ በታች፣ አንድ የከሰል አሻራ፤
ያው አውራ ጣት ሁልጊዜ፣ ያው ጠባሳ አቋርጦት።
ስም የለው፣ ቀን የለው፤
ሰው መጥቶ ሲመለስ ከኋላ የሚደርስ፣
ክረምቱ እንዳያገኛት ክዳኗን የሚለብስ፣
መጻፍ ያልተማረ፣ ወይ መጻፍ ያላሻው፣
ምናልባት ይሄኔ ከማዶ የሚያየን።
አንሙት ማዶ አየ።
ማዶው ድንጋይ ነበር።

ስሜን ጻፍሁ። እስክሪብቶውን ብሰጠው ገፋው፤
የጎማ ጥላሸት ከማይለቀው ጣቱ ምራቁን አስነክቶ
ከዚያ አሻራ ጎን አተመ፣ ቀስ ብሎ፣ ተጠንቅቆ፤
ከኪሱም ማስቲሽ አወጣ፣ የሥራውን፣ ግማሽ የቀረውን፣
ከመርፌው አጠገብ አኖረ።
«ሰም በበጋ ይቀልጣል» አለ። «ይሄ ይሻለዋል።»

ሰሙ በፀሐይ ለስልሶ ነበር፤ መልሰን አሸግናት።
ስልኩ ሞተ።
ሽቅብ አየን፣ ደጀን ሰማይ ላይ ነበረች።
አንሙት የቀረውን ኮዳ ከጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀ፣
ጥቂት አዳመጠ፣
«በአሞራ መንገድ» አለኝ፣ «ስንት ሜትር ነው?»