ተቀናሽ

ከቸርችል ዳር ፎቅ ላይ፣ ደረጃ አራተኛ፣
የኮሌጅ ገንዘብ ያዥ፣ መስኮት ሦስተኛ።
ሰው ፊቴን አያውቅም፤ የሚያውቀው እጄን ነው፣
ደረሰኝ ቀድጄ በቀዳዳ ስሰጠው።

ሙንተሃ ሽኩርም መጣች በጣቶቿ፣
በአሥር በአሥር ታስረው፣ በላስቲክ፣ ብሮቿ።
ብሩ የእግረኛ መንገድ አቧራ ይሸታል፤
አባቷ ለገሃር ሰው ሲመዝን ይውላል፣
በባለ መስታወት ሚዛን፣ ጥጉ በተሰነጠቀ፣
በፕላስተር ታስሮ ግራም ባልሰረቀ።

ስትመዘገብ ጊዜ ከወረዳ ጽፈው፣
«የቤተሰቡ አቅም ዝቅተኛ ነው» ብለው፣
ኮሌጁ ተቀብሎ ግማሹን ማረላት፤
ከሃያ አራት ሺው አሥራ ሁለት ቀረላት።
ሌላውን አሥራ ሁለት አባቷ ሸፈነ፣
ሁለት ሺህ አራት መቶ ሰው እየመዘነ።
(እኔ ነኝ ያሰላሁት፤ ሥራዬ ነውና፣
በአምስት ብር አካፍዬ፣ ከምሳ በፊት ገና።)

ሰኔ ላይ ውጤት ወጣ፤ ከሁሉም በለጠች፣
ለአንደኛነቷም አሥር ሺህ ተሸለመች።
አዳራሹ ሞላ፣ ተጨበጨበ፣
ከካርቶን ቼክ ላይ ስሟ ተነበበ።
ሽኩር በተውሶ ኮት ከበር ጋ ቆመና
ቼኩን በዓይኑ መዘነ፣ «ማሻ አላህ» አለና፤
«ለመጪው ዓመት እንግዲህ ሁለት ሺህ ቀረኝ» ብሎ
ገባ ወደ ቤቱ፣ ታክሲ ተንጠላጥሎ።

ግን አንቀጽ አሥራ ሰባት፣ ንዑስ ቁጥር ሁለት፦
«ሽልማት ያገኘ ሰው ከድጋፉ ይቀነስለት።»
«ለት» ብለው የጻፉት «በት» መሆን ሲገባው፣
አማርኛም ያዝናል ሰነድ ሲያንገላታው።
አሥር ሺህ በቀኝ ገባ፣ አሥር ሺህ በግራ ወጣ፣
ለአባትየው አንድም ሳንቲም ሳይመጣ።
ጉብዝናዋ ያቀለለው ሸክም
የኮሌጁ እንጂ የአባቷ አይደለም።
ደብዳቤውን እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ አልዋሽም፤
«በደስታ እንገልጻለን» ይላል፣ አልሰረዝኩም።

መጣች ሙንተሃ፤ ወረቀቱን አየች፤
«እትዬ፣ አንደኛ ባልወጣ ስንት ነበር?» አለች።
«አሥራ ሁለት ሺህ።»
«አሁንስ?»
«አሥራ ሁለት ሺህ።»
ዝም።
ከኋላዋ ሰልፉ ይንጫጫል፤ አትሰማም።
ከዚያ ላስቲኩን ፈታች፣
ቆጥራ ከፈለች።

ሁለተኛው ዓመት እንዲህ አለቀ።
በሦስት ነጥብ ሰባት አምስት ይጸናል ሽልማቱ፤
ሦስት ነጥብ ሰባት አንድ ሆነ ውጤቱ።
አራት መቶኛ! ሽኩር ለደንበኛው ሲያድል
«የጫማ ነው፣ ተወው» የሚለውን ያህል።
ሽልማቱ ተነሳ። «የድሮው ድጋፌስ?» አለች።
«ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል፣ ኮታው ሞልቷል» ተባለች።
ሄዶ መመለሻውን ድጋፍ አያውቅም፤
ሃያ ሁለት ሺህ ደረሰ የአባትየው ሸክም።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ለገሃር ወረድሁ፣
ባቡሩ ከላይ ሲያልፍ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።
ሽኩር ፊቴን አላየም፤ ጎንበስ እንዳለ ነው፤
«ቦርሳሽን ልያዝልሽ፤ ያንቺ ክብደት አይደለም፣
ያልሆነብሽን ነገር አልቆጥርብሽም።»

«በት» በትክክል ገባች። እኔ ብቻ ሰማኋት።

ስልሳ ስምንት ኪሎ።
አምሳ ብር ሰጠሁት፤ «ተወው» አልኩ፤ አልተወም።
አርባ አምስት ቆጠረ፤ አንድ ብር አልጎደለም።

መልሱን ስቀበል ግን ልጅቱ፣ ከጎኑ፣
በመብራት ምሰሶው ሥር ደብተር ይዛ፣ ከደጁ፣
ቀና አለች።
ፊቴን አይደለም፤ እጄን አየች።
አወቀችው።
ምንም አላለች።
ገጹን ገለጠች።