ሃምሳ ደቂቃ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሊፍት ስጠግን፣
በፎቅና በፎቅ መሃል የቀረውን፣
«አይዞህ፣ አትነካካ» እያልኩ በቀዳዳ
ስንቱን አውጥቻለሁ፣ ላብ ያጠመቀው እንግዳ።

ዛሬ ግን በደረጃ፣ በእግሬ፣ አራተኛ ፎቅ፣
የሮዛሪዮ ሙቀት አንገቴን ሲያንቅ።
በሩ ላይ ስሟ አለ፦ ኔሊዳ ሳርቶሪ።
የጠበቅሁት ነጭ ጋዋን፣ መድኃኒት አዛዥ፣ መርማሪ፤
ያገኘሁት አጭር ሴት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያሰረች።
«ክፍያው ይኼን ያህል፣ ቀኑ ሐሙስ ሐሙስ፣ ብትቀርም ይታሰባል» አለች።
«የምትለኝ ሁሉ ከዚህ በር አይወጣም፣
ራስህን ወይ ሰው ልትጎዳ ካልሆነ» — ይህንንም ሳትል አላለፈችም።

ሁለት ወንበር። ሶፍት። ሰዓት ከጀርባዬ።
ምክር ጠበቅሁ፤ ዝም አለች።
ሸሸሁ ወደ ሥራዬ፤
ስለ ገመድ አወራሁ፣ ስለ ሞተር፣ ስለ ፍሬን፣
ሲጥ ሲጥ ስለሚለው የዚሁ ሕንጻ ሊፍት በር... ሰማችኝ ሁሉን።
«ገመድ ሲበጠስስ?» ብላ ጠየቀች፣ አንዴ።
«አይበጠስም» አልኩ፤ ተላወሰ ሆዴ።

«ሰዓታችን አለቀ» ስትል እፎይ ብዬ ተነሣሁ፣
የበሩን እጀታ ጨበጥኩ —
መዋጡን ረሳሁ፣
ሆድ ይፍጀው ብዬ አሥራ አንድ ዓመት የቀበርኩትን፦
«ኤልቢዮ፣ ወንድሜ፣ ሳጥኑ አናት ላይ ሳለ፣ እኔ ነኝ የተጫንኩት ቁልፉን።»

ዓይኗን አልሰበረችም። ሶፍትም አላቀበለች።
«ሐሙስ፣ በዚሁ ሰዓት። ከዚያው እንቀጥላለን» አለች።

በደረጃው ወረድኩ፣
ሊፍቱ ባዶውን ሲያልፈኝ፤
ሲጥ አለ በሩ።
ለሐሙስ ግራሶ መያዝ ትዝ አለኝ።