ማን ያውቃል

ይህን ጫካ «ደንቆሮ» ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤
አሥራ አንድ ዓመት ስጠብቀው አንድም ቀን አልደነቆረም።
ወንዝ ማዶ ሞረድ ላይ የሚሳል መጥረቢያ ይሰማል፤
ድኩላ ጆሮዋን ስትጥል አስታው ራሱ ዝም ይላል።
የደነቆርንስ እኛ ነን። ስሜን ልጥራና ልጀምር፤
ጓንጉል ይማም፣ የሳይንት ሰው፣ ሥራዬ ቀበሮ መቁጠር።

ሥራው ቀላል ይመስላል፦ አንድ መነጽር፣ አንድ ደብተር፣
ቀለሙ በውርጭ ሲረጋ ብብቴ የማሞቀው ብዕር፤
ጓሳው ላይ በሆድ ተኝቶ፣ አመዳይ እስኪነሳ መጠበቅ።
ያኔ ቀዩ ብቅ ይላል፣ ከጅብራው ሥር፣ ሳይደበቅ፣
እንደ ሽማግሌ ዳኛ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ፣
አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ የአፈሩን ወሬ ሰምቶ አስቀድሞ።

በዚያ ተረተር ሰባት ነበሩ፤ ሰባቱንም
እለያቸዋለሁ፤ ስም ግን አላወጣሁም።
መሥሪያ ቤቱ «ቁጥር ይበቃል፣ ስም አታውጡ» ስላለ።
አንዷን ብቻ፣ ጅራተ ስሷን፣ «እንኮዬ» የምላት በሆዴ፤ ሌላ ስም የለ።

ቤቴ ውሻ አለኝ። አለኝ? ነበረኝ። ስሙ «ማን ያውቃል»፤
ከሽፋው ጋር በድንበር ስንካሰስ ያወጣሁት፤
በጠራሁት ቁጥር ሽፋው አጥር ማዶ ይቃጠላል።

የከብት ሐኪሟ ሰዓዳ ሣጥኗን በበቅሎ ጭና
በጥቅምት ብርድ መጣች፤ ክትባቱ በረዶ ውስጥ ነውና
«ዛሬ ካልወጋን ይበላሻል» አለች። መንደሩን የጠራሁ እኔ፣
በየደጁ የዞርኩ እኔ፤ «ውሻ ካበደ፣ ወገኔ፣
ቀዩንም ልጅህንም አይምርም» እያልኩ ያስተማርኩ፣
አርባ ሦስት ውሻ ያስወጋሁ፣ የአርባ ሦስቱን ስም የጻፍኩ።
የሽፋው ውሻ እንኳ መጣ፣ በጠፍር ታስሮ፣ እያጉረመረመ።
የእኔ ግን በጎች ጋር ነበር። «ነገ» አልኩ። ነገው ከረመ።

ኅዳር ሲገባ ለሃጩ ተዝረበረበ፤ ከውሃ ሸሸ፤
እንደማያውቀኝ አየኝና ወደ ጓሳው ጋለበ። መሸ።
«ማን ያውቃል! ማን ያውቃል!» እያልኩ ተረተሩን ስጣራ
ገደሉ ያንኑ መለሰልኝ፣ ደጋግሞ፣ ተራ በተራ።

የቀረውን ደብተሩ ያውቃል። ታኅሣሥ፦ አምስት። ጥር፦ ሁለት።
አንዱን ከምንጩ ዳር አገኘሁት፣ አረፋ አፉ ላይ የደረቀበት።
እንኮዬን በሦስተኛው ቀን፣ ጅብራው ሥር፣ ተጠቅልላ፣
የተኛች መስላ፤ እንዳልተኛች ቁራው ነው የነገረኝ ኋላ።
ሪፖርቱ ላይ «ምክንያት» የሚል ሣጥን አለ፤ «በሽታ» ብዬ ጻፍኩበት።
«የማን ውሻ?» የሚል ሣጥን የለም።
ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ አፈርኩበት።

የደረሰበት ሽፋው ነው። ይሳለቃል ብዬ ስጠብቅ
አጥሩን ተደግፎ ቆየ፣ ሳያፌዝ፣ ሳይስቅ።
«የድንበሩን ነገር ተወው» አለኝ፤ «እኔም የገፋሁት ነበር፤
ያንተን አይደለም፤ የጓሳውን፣ ሁለት ጥማድ፣ የፍልፈሉን አገር።
አንተ በውሻ፣ እኔ በሞፈር፤ ቀዩ ማንን ይክሰስ?»
እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ ለዚያ ጥያቄ መልስ።

ዘንድሮ በቅሎ ስትጠፋ ሣጥኑን እኔው ተሸክሜ
ዞርኩ፤ ከሰው ደጅ በፊት ደጄ፣ ከሰው ስም በፊት ስሜ።
ቡችላ አለኝ፤ ገና ሲወጋ ስሙን «ዛሬ» ብዬዋለሁ።
ሽፋው ሁለቱን ጥማድ ጦም አሳድሯል፤ ሄጄ አይቻለሁ፤
ጓሳው እንደ ጎረምሳ ጢም እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል።
ፍልፈሉ ይመለስ አይመለስ ማን ያውቃል?
(ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ ዛሬም የሚሮጥ ይመስለኛል።)

ዛሬ ጠዋት አመዳዩ ላይ ዱካ አየሁ፤ የሁለቱን
አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት አብሬው የኖርኩትን።
ከጎኑ ግን ሌላ አለ፣ ከአንድ ብር ሳንቲም የማይበልጥ፣
አንዴ እየገባ፣ አንዴ እየወጣ፣ እንደሚጫወት፣ እንደሚሮጥ።
ልቤ ደብተሩን ገለጠ። እጄ እንቢ አለ። ሳላይ አልጽፍም።
ፀሐይ ወጥታ አመዳዩን ላሰችው፤ ዱካውንም አልማረችም።
አሁንም በሆዴ ተኝቻለሁ፤ ጫካው ጆሮውን ጥሏል፤
ብዕሩ ብብቴ ውስጥ ነው፣
ይሞቃል።